የጋሼ ዕረፍት

ዜና አንባቢው ከሞተ ወዲህ ድምፁ ከተማውን ወረሰው። ሚስቱ ባንክ ሄዳ ወረፋ ስትጠብቅ፣ ከጣሪያው ላይ ሆኖ ተራዋን የሚጠራት እሱ ነበር። አውቶቡስ ስትሳፈር የሚቀጥለውን ፌርማታ የሚነግራት እሱ ነበር። ስልክ ደውላ ሰው ካላነሳላት፣ "የደወሉላቸው ደንበኛ..." ይልና ትንሽ ፀጥ ብሎ፣ ብርጭቆ ሰብሮ ሊነግራት ሲመጣ በነበረው ለዛ፣ "ጥሪ አይቀበሉም" ይላታል።

እብደት አልነበረም። ምክንያቱን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷው ናት። ባሏ ከሬዲዮ ጣቢያ ከለቀቀ በኋላ፣ እሷ ኃላፊ በሆነችበት የኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል ዜና ማንበብ ያስተምር ነበር። ሲሞት፣ ለማስተማሪያ ብሎ የቀዳቸው ንባቦች የትምህርት ክፍሉ ስቱዲዮ ውስጥ ቀሩ። ከእሱ በኋላ የገቡ ተማሪዎች ሁሉ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው፣ እሱ ያለውን እየደገሙ፣ እሱ ባቆመበት እያቆሙ፣ እሱ ባወረደበት እያወረዱ ተማሩ። ተመርቀው ሲወጡም በየሬዲዮው፣ በየባንኩ፣ በየማስታወቂያ ድርጅቱ ተበተኑ። ሟቹ የተባዛው እንዲህ ነው።

ከሁሉ የሚታወቀው ዕረፍቱ ነበር። ከሰው ስም በፊት፣ ከቁጥር በፊት፣ ከመጥፎ ወሬ በፊት ዓይን እስኪከደን ያህል ዝም ይላል፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ይቀጥላል። ሰሚው ሳያውቀው ጆሮውን ያቀናል። ተማሪዎቹ "የጋሼ ዕረፍት" ይሉታል፤ በፈተና ላይም የራሱ ነጥብ አለው።

እሷንም ቢሆን ያለ ቅጽል ስም አልተዋትም። ተናግራ ጨረሰች ሲሉ ሁልጊዜ የምትጨምረው ስለማታጣ "ድርብ ሰረዝ" ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ ያወቀች አትመስልም።

ዩኒቨርሲቲው የየትምህርት ክፍሉ ሥርዓተ ትምህርት ታርሶ እንደገና ይዘራ ብሎ ባዘዘበት ዓመት፣ የኮሙኒኬሽንና የሚዲያ ጥናት የመጀመሪያ ዲግሪን የሚቀርጸው ኮሚቴ ሰብሳቢነት እሷ ላይ ወደቀ። የሚሰበሰቡት ነጭ ሰሌዳዋ ቢጠርጓት ቢጠርጓት በማትጠራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። የቀድሞው ስብሰባ ጽሑፍ ከአዲሱ ሥር ግራጫ ሆኖ ይታያል። ከአባላቱ አንዱ፣ የየኮርሱን ሰዓት እንደ ንፉግ ባለሱቅ እየመዘነ የሚሰጥ፣ "የክሬዲት ዘበኛ" የሚባል አንጋፋ መምህር ነው። ሌላው የባሏ የቀድሞ ተማሪ፣ አሁን ደግሞ በእሱ ቦታ ዜና ማንበብን የሚያስተምር ወጣት መምህር ነው። ይኼኛውን "ግልባጭ" ይሉታል። ደብዳቤ መጨረሻ ላይ "ግልባጭ ለእገሌ" እንደሚባለው፣ የጋሼ ግልባጭ ነው ለማለት። ሲጠሩት አይከፋውም፤ እንዲያውም ደረቱን ይነፋል።

እሷ ግን ግልባጭ በሯን አንኳኩቶ፣ "እትዬ... አሉ?" ባለ ቁጥር ጀርባዋ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋ ያህል ትሆናለች። አንድ ቀን ወረቀት ላይ እንዳቀረቀረች፣ "ቁልፉን ኪስህ ውስጥ እየው፤ ሌላ የት ይሄዳል" ብላ መለሰችለት።

ግልባጭ ኪሱን ዳበሰ። "የምን ቁልፍ እትዬ?"

ቀና ብላ አየችውና፣ "ተወው" አለች።

ቤትም አታርፍም። የባሏ እናት አብረዋት ይኖራሉ። እማማ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ዓለምን የሚያዩት በሬዲዮ ነው። የቀኑ ዜና ሲጀመር ወንበራቸውን ወደ ሬዲዮኑ ያስጠጉና፣ ከግልባጭ ተማሪዎች አንዱ ሲያነብ፣ "ዛሬ ጉንፋን ይዞታል" ይላሉ። ሴት ስታነብ ደግሞ፣ "ዛሬስ ድምፁን አቅጥኗል" ብለው ይስቃሉ። ልጃቸው መሞቱን ረስተው አይደለም። ቀብሩ ላይ ቆመው አፈሩ ሲመለስ ሰምተዋል።

"ሰው ጃጀች ይለኛል" ይላሉ፤ "እኔ ግን አውቃለሁ ልጄ። የሞተ ልጅ ጠረኑ ከተገኘ፣ ከማንም ልብስ ላይ ይሁን ይሸተታል።"

ምራታቸው ምን ትበል? ዜናው እስኪያልቅ ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች።

ሥርዓተ ትምህርት ሲቀረጽ ተመራቂውን የሚቀጥሩት መሥሪያ ቤቶች ምን እንደጎደላቸው ይጠየቃሉ። በዚያ ቀን ከተጋበዙት አንዱ ባሏ ይሠራበት የነበረው የሬዲዮ ጣቢያ ኃላፊ ነበር፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው።

"ልጆቻችሁ ጎበዞች ናቸው" አለ። "ሰዓት ያከብራሉ፣ ቃል አይስቱም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ሌላ ሰው የላችሁም ወይ?"

"እንዴት?" አለች ሰብሳቢዋ።

"ጠዋት አንዷን አስነብባለሁ፤ ቀን ሌላውን፤ ማታ ሦስተኛውን። አድማጭ ደውሎ፣ 'ያ ሰውዬ ፈቃድ አይወጣም እንዴ? በሥራ ልትገድሉት ነው?' ይለኛል። ወንዱም ሴቷም አንድ ሰውዬ ናቸው እኮ!"

ቤቱ ሳቀ። ኃላፊው የማን ሚስት ፊት እንደቆመ ትዝ ያለው ያኔ ነው። በአየር ላይ የነበረ እጁን ቀስ ብሎ አወረደው። "ይቅርታ... አፌን ይቁረጠው። እሱን ለመንካት አይደለም።"

"ቀጥል፤ ለዚሁ ነው የጠራንህ" አለችው።

"እኔ የምለው፣ እሱ ራሱ እኛ ዘንድ ሳለ እንዲህ አልነበረም። ጎርፍ ነበር! 'ኧረ ለአድማጭ እዘንለት፣ መተንፈሻ ስጠው' እያልኩ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ። ያ ዕረፍት የመጣው እናንተ ጋ ከገባ በኋላ ነው። ማስተማር አበሰለው አልን።"

"ብስለት ነው" አለ ግልባጭ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

እሷ ያገባችው ያን ጎርፍ የሆነውን ሰው ነበር። ወሬውን ሳይጨርስ ሌላ ወሬ የሚጀምረውን፣ "ቀስ በል፣ ማንም አይቀማህም" የምትለውን። አሁን ያን ድምፅ ልታስታውስ ሞከረች። አልመጣላትም። የመጣላት የግልባጭ ነው፣ የባንኩ ነው፣ የአውቶቡሱ ነው። ባሏን አንዴ ሞት ወሰደባት፤ የቀረውን ደግሞ ተማሪዎቿ እየሸፈኑባት ነው።

"የድሮ ንባቦቹ አሏችሁ?" አለችው ኃላፊውን።

"መጋዘን ሙሉ።"

ከቀናት በኋላ ቅጂዎቹ መጡላት። ተማሪ የሌለበት ከሰዓት መርጣ ስቱዲዮ ገባች። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ድምፅ አይመለስም፤ የተናገሩት ከአፍ ወጥቶ እዚያው ይሞታል። የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቃ የመጀመሪያውን ከፈተችው።

ተንደርድሮ መጣ! የአንድ ድልድይ ምረቃ ነው የሚያነበው፤ ድልድዩ ሳይፈርስ ልድረስ የሚል ይመስላል። ብቻዋን ሳቀች። ስቃ ስታበቃ አለቀሰች። እንባዋን ጠራርጋ ቀጣዩን ከፈተች፤ ከዚያ የተከታዩን ዓመት፣ ከዚያ የተከታዩን። እዚህ ላይ ትንሽ ረገብ ብሏል። እዚህ ላይ፣ ጣቢያውን ሊለቅ ሲል፣ ከአንድ ሚኒስትር ስም በፊት ቆመ። በመጨረሻ እዚሁ ስቱዲዮ ውስጥ ለተማሪዎቹ የቀዳቸው ላይ ደረሰች፤ ልጆቹ ሁሉ በቃላቸው የሚያውቋቸው ላይ።

ዕረፍቱ ጋ ስትደርስ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ባዶ አልነበረም። በቃልና በቃል መካከል ቀጭን ነገር አለ። ከንፈር ይከፈታል፤ አየር ይሳባል፤ አይበቃም፤ እንደገና ይሳባል። ከዚያ ስሙ ይጠራል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ዝቅ ያለው ለሰሚው አዝኖ አልነበረም፤ ከፍ የሚያደርግበት አቅም ስላልነበረው ነው።

ሌላውን ከፈተች። እዚያም አለ። ሌላውንም።

ማዳመጫውን አወለቀች። የዚህ ሕንፃ ደረጃ ታያት። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ መስኮት አለ፤ ባሏ ሁልጊዜ እዚያ ይቆም ነበር። "ና እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?" ስትለው፣ "ዛፉን እያየሁ ነው" ይላት ነበር። ዛፉ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚታየው ብላ አልጠየቀችም። የሞተ ዕለት ሐኪሙ፣ "ልባቸውን ለረጅም ጊዜ ሲታከሙ ነበር፤ ነግረውዎታል አይደል?" ብሎ ጠየቃት። አብሮት የኖረ ሰው አልሰማሁም ማለት አሳፍሯት፣ "ነግሮኛል" ብላ ዋሸች። ውሸቷን ለማንም ሳትተነፍስ ይዛው ኖራለች። አሁን ግን ነግሯት እንደነበር ገባት። በየቀኑ፣ በየዓረፍተ ነገሩ ነግሯታል። እሷ ግን በፈተና ነጥብ ሰጥታበታለች።

በማግስቱ ግልባጭን ጠርታ ማዳመጫውን ሰጠችው። ምንም አልነገረችውም፤ ከጎርፉ እስከ ዕረፍቱ በቅደም ተከተል አሰማችው። መጀመሪያ ፈገግ ይል ነበር። ወደ መጨረሻው ፊቱ አመድ መሰለ።

"ትንፋሽ አጥሯቸው ነው" አለ።

"አዎ።"

"እኔ እኮ ይሄን... 'ከስም በፊት አየር ሳቡ፣ ቁሙ፣ እንደገና ሳቡ' እያልኩ..." አልጨረሰውም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

"ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እናወጣዋለን" አለች እሷ። "የሞት ማጣጣር አናስተምርም። በቃ።"

ግልባጭ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "እትዬ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ተብታባ ነበርኩ።"

"አንተ?"

"እዚህ የመጣሁት ወድጄ አይደለም፤ ተመድቤ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ተነስቶ ስሙን ይናገር ሲባል፣ እኔ ቆሜ የገዛ ስሜን መጥራት አቃተኝ። ክፍሉ ሳቀ። ጋሼ አጠገቤ መጥተው፣ 'ከስምህ በፊት ዝም በል' አሉኝ። 'እስኪመጣልህ ዝም በል። ማንም አያባርርህም፤ እኔም እንደዚሁ ነው የማደርገው።' ዝም አልኩ። ከዚያ ስሜ ወጣ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "እሳቸው ትንፋሽ ባጠራቸው ቦታ ላይ እኔ ትንፋሽ አገኘሁ። አሁን አውጣው ሲሉኝ የ... የ... የኔን አፍ የት ላድርገው?"

በዚያ ሁሉ ዓመት የግልባጭን የራሱን ድምፅ የሰማችው ያኔ ነበር። ድርብ ሰረዝ የምትጨምረው አልነበራትም።

ቤት ስትገባ፣ ቢያንስ ለእማማ አንድ ደስታ ይዤ ልግባ ብላ ነበር። ከጎርፉ አንዱን፣ የመኪና አደጋ ዜና የሚያነብበትን፣ በስልኳ ከፍታ ጆሯቸው ሥር አስጠጋችላቸው። እማማ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ይሄ የሚጣደፈው ማነው?"

"ልጅዎ ነው እማማ። የወጣትነቱ።"

ጥቂት አዳመጡ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጨርቅ ያፍተለትላል።

"አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "የኔ ልጅ ሰው የሞተበትን ወሬ እየሮጠ አይናገርም። አዘኔታ ያውቃል። አጥፊው፤ የማላውቀው ሰው ቤቴ ውስጥ አይጩህብኝ።"

አጠፋችው። ያ አዘኔታ የሚሉት ሕመሙ ነው ልትላቸው ቃሉ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጠችው። አሮጊቷ ልጃቸውን ሊያስታውሱበት የቀራቸው የታመመው ድምፅ ብቻ ነው፤ ያንንም ነጥቃ ምን ልትሰጣቸው ነው?

ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አላት። ባንክ ቤት ተራዋ ሲጠራ ቁጥሩን ትታ አየሩን ትሰማለች። አውቶቡሱ ላይ ፌርማታዋ አለፋት። ደህና ጤነኛ ልጆች፣ ሳንባቸው እንደ ፊኛ የሚነፋ ልጆች፣ በከተማው ሁሉ የአንድ ሰው ልብ ሲደክም ያሰማሉ፤ ሰዉም "ሲያምር!" ይላል።

የመጨረሻው ስብሰባ ላይ የክሬዲት ዘበኛው እርሳሱን አሹሎ ጠበቃት። "ቀጣሪዎቹ አልፈለጉትም። ዜና ማንበብ ይሰረዝ፤ ሰዓቱ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ይዛወር" አለ።

"ኮርሱ አይሰረዝም" አለች። "ቅጂው ግን አርአያ መሆኑ ይቀራል። እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ሳንባ ያንብብ። መቆም የሚፈልግ ይቁም፤ ሌላ ሰው ስለቆመ ግን አይቁም።" ግልባጭን አየችው፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ እሺታውን ሰጣት። "ቅጂዎቹን ደግሞ፣ የድሮውንም የኋለኛውንም፣ ለሌላ ኮርስ እፈልጋቸዋለሁ። ለአንደኛ ዓመት፣ ከሁሉም ኮርስ በፊት። ስሙ 'ማዳመጥ' ነው።"

"ማዳመጥ?" ዘበኛው መነጽሩን አወለቀ። "የንግግር ጥበብ ኮርስ አለን፣ የጽሑፍ አለን፣ የማሳመን አለን። ለማዳመጥ ክሬዲት? ጆሮ ያለው ሁሉ ያዳምጣል እኮ!"

"እኔም ጆሮ ነበረኝ" አለችው።

ከዚያ ነገረቻቸው። ደረጃውን፣ መስኮቱን፣ ሐኪሙን፣ ለሐኪሙ የመለሰችለትን ውሸት ሳይቀር። ድምፅዋ አልተሰበረም፤ እንደ ቃለ ጉባኤ ነው የነገረቻቸው። ስትጨርስ ዘበኛው መነጽሩን አጠለቀ፣ ወረቀቱን ገለበጠ፣ አንድ ነገር ሰረዘ።

"ሁለት ሰዓት" አለ፣ እሷን ሳያይ። "ከማስታወቂያ መርሆች ላይ ቀንሼ። ከዚህ በላይ ብትገድሉኝም የለኝም።"

ሴኔቱም አጸደቀው። ዲኑ ብቻ "ማዳመጥ" የሚለው ስም ራቁቱን ነው ብሎ "የማዳመጥ መርሆችና ተግባራት" አስብሎታል።

አዲሶቹ ተማሪዎች ሲገቡ ኮርሱን እሷና ግልባጭ አብረው ያዙት። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሰውየውን ማንነት ሳትነግራቸው ጎርፉን አሰማቻቸው፤ ቀጥላ ዕረፍቱን። "ልዩነቱ ምንድን ነው?" አለች።

"ማይኩ ተሻሽሏል" አለ አንዱ።

"ሁለተኛው በስሏል" አለ ሌላው። "እርጋታ አለው። እኔ እሱን ነው የምመርጠው።"

ብዙዎች ተስማሙ። እሷም እንዲህ እንደሚሉ ታውቅ ነበር፤ ማስረጃው እጇ ላይ ስላለ ልታስረዳቸው ተዘጋጅታለች። ያኔ ጥግ ላይ የተቀመጠች፣ ሹራቧን እስከ ጣቶቿ ስባ የለበሰች ልጅ እጇን ግማሽ ያህል አወጣች።

"ሁለተኛው ላይ ታመዋል" አለች።

"እንዴት አወቅሽ?"

ልጅቷ ተጨነቀች። "አላውቅም ቲቸር። ብቻ... የሚፈልጉት ቃሉን አይመስልም። አየሩን ነው።"

ሰብሳቢዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ያን ሁሉ ዓመት አንድ አልጋ ላይ አድራ ያልሰማችውን፣ ይህች ልጅ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ሰማችው። የቀረውን ሰዓት ግልባጭ ያዘላት። አንዳንዱ ቃል ላይ ይንተባተብ ነበር፤ አንድ ሁለቱ ተማሪዎች ተያዩ፣ እሱ ግን ቀጠለ።

ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ እማማ እግር ሥር ተቀመጠችና የዋጠችውን ሁሉ ተፋችው። ዕረፍቱ ምን እንደነበር፣ ማን እንደሰማው፣ ማን እንዳልሰማው። እማማ አልጮኹም፤ አላለቀሱም። እጃቸውን ሰደው ራሷን ፈለጉና እዚያው አሳረፉት።

"እኔም አዘኔታ መስሎኝ" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ልጅቷ የማን ልጅ ናት?"

"አላውቅም እማማ። ብዙ ናቸው እኮ።"

"ጠይቂያት። ጆሮ እንዲህ የሚሆነው በከንቱ አይደለም። ከታመመ ሰው አጠገብ የተኛች ልጅ ናት።"

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ሲወጡ ልጅቷን አስቀረቻት። መጠየቁ ከብዷት የኮርሱን ሲላበስ ስታገላብጥ ቆየች፤ በመጨረሻ፣ አማቷ እንዳሉት፣ "አጠገብሽ የሚተኛው በሽተኛ ማነው?" አለቻት።

"እናቴ ናት" አለች ልጅቷ። "ጠዋት ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ትንፋሿን አዳምጣለሁ፤ ከዚያ ነው የምለብሰው።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ ደህና ናት" አለች፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ጓደኞቿን ለመድረስ ሮጠች።